በእትዬ ዘሀራ ፍሪጅ ያደሩት ናሙናዎች

ወልቂጤ ሳስተምር፣ ቆጮ ሲብላላ ስታርቹን የሚሰባብረው ኢንዛይም መቼ ሥራ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያቆም አጠና ነበር። በሦስት ወር ልፋት ከቡታጅራ ዙሪያ አሥራ ሁለት ናሙናዎች ሰበሰብኩ፤ በእያንዳንዱ ላይ ቁጥሩንና ዕድሜውን ጽፌ፣ ባረፍኩበት ቤት በእትዬ ዘሀራ ፍሪጅ ውስጥ በተርታ ደረደርኳቸው።

በማግስቱ ምሳ ላይ ክትፎ ከትኩስ ቆጮ ጋር ቀረበልኝ። ሁለቴ አስጨመርኩ።

«እትዬ፣ እንዲህ ያለ ቆጮ በልቼ አላውቅም!»

«ማሻአላህ! ያንቺው ነው እኮ፣ ልጄ። እንግዳ እኔ ቤት አርፎ ስንቁን በቁጥር ይበላል? ጎረቤት ምን ይለኛል!»

የተረፉትን እንኳ ለማዳን፣ የትኞቹን ቁጥሮች እንደጋገሩ ድምፄን አለዝቤ ጠየቅኋቸው።

«ሁሉንም አንድ ላይ አቦካኋቸዋ! ያን ሁሉ ቁንጣሪ ለየብቻ ማን ይጋግራል?»