ጎማ ስር የቀረ ድንጋይ

አውራ ጎዳናው ዳር ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ከሻሿ በላይ የሞተረኛ ሄልሜት ደፍታለች። ይሰፋታል፤ የግራ ጎኑም በሞረድ የተሞረደ ይመስል ተፍቋል።

የጭነት መኪና ሾፌሮች የተበላሸ መኪናቸው እንዳይንሸራተት ጎማው ስር ድንጋይ ይወሽቃሉ። መኪናው ሲጠገን ድንጋዩን አስፋልቱ ላይ ጥለው እብስ ነው። ምን ቸገራቸው! ከኋላ የሚመጣው ሞተረኛ የእናት ልጅ አይደለም እንዴ?

ዛሬም አንዱ መኪናውን አስጠግኖ፣ ድንጋዮቹን መሃል መንገድ ላይ ትቶ፣ እጁን እየጠራረገ ሻይ ሊጠጣ መጣ። ቀዳችለትና ብርጭቆውን በመዳፏ ከደነችው።

“መጀመሪያ ድንጋይህን አንሳ።”

“ኧረ እማማ፣ ድንጋይ እኮ ነው!” ብሎ ሳቀ። “ደግሞ ይሄ ምንድነው? ሞተር መንዳት ጀመርሽ እንዴ?”

“አልጀመርኩም።”

“ታዲያ የማን ነው?”

“ድንጋዩን አንሳና እነግርሃለሁ።”

ዓይኑ የሄልሜቱ የተፋቀ ጎን ላይ ሲያርፍ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ሄዶ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ከመንገድ አወጣ። ሲመለስ አንገቱን ደፍቶ ሻዩን ተቀበለ፤ ስለ ሄልሜቱ ግን ደግሞ አልጠየቀም።

“ገባህ?” አለችው።

“ገባኝ፣ እማማ።”

“ጓደኞችህ እስኪገባቸውስ፣ ከዚህ አስፋልት ላይ ስንት ሄልሜት ልልቀም?”