ከወርቅ አፈሩ ክምር ሥር

ጉብኝት ማለት ሄዶ አይቶ መመለስ ነው፤ ያዩትን መናገር የግድ አይደለም። በኮሮና ጊዜ ጆሃንስበርግ ዳር፣ ዩራኒየም ካለበት የድሮ የወርቅ ማዕድን የአፈር ክምር ሥር ባለ ሰፈር ጨረር ልንለካ ሄድን። መሣሪያዬን ሳወጣ ነዋሪዎቹ ተራርቀው ተሰለፉና ግንባራቸውን ሰጡኝ። የምለካው ትኩሳት ሳይሆን አፈሩን መሆኑን ስነግራቸው፣ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ ያለው የሆሳዕና ከተማ ሰው ማስኩን ዝቅ አደረገ።

“ዶክተር፣ ልጄ የሚጫወተው እዚህ ክምር ላይ ነው። ይጎዳዋል?”

“ውጤቱን ለነዋሪ እንድናገር አልተፈቀደልኝም።”

“ታዲያ ለማን ሊነግሩ ነው፣ ለአፈሩ?”

መሣሪያዬን ወደ አፈሩ ዝቅ አደረግሁ።

“እንግዲያው ልጆች እንዳይወጡበት አጥር ይሠራ ብለው ይንገሩልን።”

ለአለቆቼ ነገርኩ። በሚቀጥለው ጉብኝት አጥሩ ተሠርቶ አገኘሁት። ልጆቹ እንዳይነኩት፣ ክምሩ ላይ የተተከለ አዲስ የጨረር መለኪያ ዙሪያውን ታጥሯል።