የየኔታ ድምፅና አሥራ አራቱ ጎዶሎዎች

ርብቃ ወልደ ሩፋኤልን ያወቅኋት አርብ ገበያ በምትባል ከተማ ፊዚክስ ሳስተምር ነው። ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድማ በዲፕሎማ ተመርቃ መጥታ የትምህርት ቤቱን የኮምፒዩተር ክፍል ይዛ ነበር። ክፍል ስል ብዙ ነገር አይታያችሁ። ቀድሞ የምርጥ ዘር መጋዘን የነበረ ቤት ነው፤ ክረምት ሲገባ ግድግዳው ሥር ስንዴ ይበቅላል። ርብቃ ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላትም። ቀጭን ናት፣ ስትራመድ የምትሮጥ ትመስላለች፣ ስትናገር ደግሞ ማንንም አታስተርፍም። ስብሰባ ላይ ዳንቴሏን ይዛ ትቀመጥና ርዕሰ መምህሩ ንግግር ሲያስረዝሙ፣ ይኸኛውን ባለፈው ሳምንት ሰምተነዋል ትላቸዋለች።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ይርዳው ክፉ ሰው አልነበሩም። በደብዳቤ ያምናሉ፤ ችግራቸው ይኸው ነው። ሽንት ቤቱ ሞልቶ በፈሰሰ ጊዜ እንኳ አካፋ ከማስመጣታቸው በፊት ቁጥርና ቀን ያለው ማስታወቂያ አስለጥፈዋል።

የርብቃ አባት መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል በዚያው አካባቢ ባለችው ቤተ ልሔም ድጓ ያስተምሩ ነበር። ከስንት አገር ተማሪ በእግሩ እሳቸውን ብሎ ይመጣል። ሁሉም «የኔታ» ይላቸዋል፤ ልጃቸውም እንደ ሌላው ሰው «የኔታ» ነው የምትላቸው። በምግብ፣ በልብስ፣ በመኝታ ትሑት ሰው ናቸው። በድምፃቸው ግን ይኮራሉ። ይህን ያወቅሁት ራሳቸው ነግረውኝ ነው፤ ትዕቢታቸውን በየጊዜው ለንስሐ አባታቸው እንደሚናዘዙ፣ ንስሐ አባታቸውም ሰልችቷቸው ቀኖና መስጠቱን እንደተዉት።

በ2003 ዓ.ም. ጥር ላይ አንገታቸው ላይ ለዓመታት የኖረው እንቅርት አድጎ ትንፋሽ ይከለክላቸው ጀመር። ጎንደር ያለ ሐኪም አይቶ ለየካቲት ዘጠኝ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ሰጣቸው። የኔታ ጾሙ እየደረሰ ነውና ከፋሲካ በኋላ ይሁንልኝ ቢሉ፣ እንቅርቱ ፋሲካን አይጠብቅም አላቸው። ሊወጡ ሲሉ ደግሞ ድምፃቸው እንደ ቀድሞው ላይመለስ እንደሚችል ነገራቸው።

ርብቃ ይህን የሰማች ቀን ከማንም ጋር አልተጣላችም፤ መታመሟን የጠረጠርነው ከዚህ ተነሥተን ነው። በማግሥቱ የአባቴን ድምፅ እቀዳለሁ ብላ ተነሣች። መጀመሪያ በስልኳ ሞከረች። የተቀዳው ሲሰማ ቅል ውስጥ የገባ ንብ ይመስላል። የኔታ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙና ማነው ይህ አሉ። እርስዎ ነዎት ስትላቸው ስልኩን በሁለት ጣት ይዘው መለሱላት።

የቀረው ኮምፒዩተሩ ነው። ትምህርት ቤቱ ከውጭ በእርዳታ የመጡ አሥራ ሁለት ኮምፒዩተሮች ነበሩት፤ የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ነው። ሲከፈቱ ፔንግዊን የሚባለው የባሕር ወፍ ብቅ ስለሚል አቶ ይርዳው አልወደዷቸውም፤ ወፍ ያለበትን አስወግደሽ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ዊንዶውስ ጫኝበት ይሏት ነበር። እሷ ደግሞ ያ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሦስት ማሽኖቿን በቫይረስ ስላስበላባት እንቢ ብላ ወፉን አቆየች። ከአሥራ ሁለቱ የማይክሮፎን መሰኪያው የሚሠራው አንዱ ብቻ ነበር። እሱም የተማሪዎች የመንፈቅ ዓመት ውጤት የተጻፈበት ነው።

አብራት የተማረች ጓደኛዋ ከባሕር ዳር ማይክሮፎንና አንድ ሲዲ ላከችላት። ሲዲው ላይ ድምፅ የሚቀዳና የሚያርም ፕሮግራም አለ። ርብቃ ልትጭነው ስትል ማሽኑ «ሊብሳውንድፋይል» የሚባል ላይብረሪ ጎድሎኛል፣ እሱ ሳይኖር አልጭንም አላት።

እዚህ ላይ እሷ እንዳስረዳችኝ ላስረዳ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉን ነገር ከባዶ አይጽፍም። ድምፅ ማንበቢያውን አንዱ ጽፎታል፣ መስኮት መክፈቻውን ሌላው ጽፎታል፤ እሱ ከእነሱ ይዋሳል። እነዚህ ሌሎች የጻፏቸው ቁርጥራጮች ላይብረሪ ይባላሉ። የሚዋሰው ነገር ማሽኑ ላይ ከሌለ ፕሮግራሙ አይነሣም።

አቶ ይርዳው ግን በዚያ ሲያልፉ የኮምፒዩተሩ ገጽ ላይ ያለውን አነበቡ። «ላይብረሪ» እና «የለም» የሚሉትን ሁለት ቃላት እንዳዩ ቢሮ ገብተው ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ለወይዘሮ ተዋበች ደብዳቤ ጻፉ። «ሊብሳውንድፋይል» የተባለው መጽሐፍ በማን እጅ እንደጠፋ ተጣርቶ በሦስት ቀን ውስጥ ሪፖርት እንዲደረግ ይላል። ወይዘሮ ተዋበች መዝገቧን ከዳር እስከ ዳር አገላብጣ፣ መጽሐፉ ቀድሞም ገቢ እንዳልሆነ፣ እሷም ከዚህ በፊት እንዳላየችው፣ ስሟም በከንቱ እንዳይጠፋ አሳስባ በማኅተም መለሰች። ሁለቱ ደብዳቤዎች እስካሁን ፋይል ውስጥ ይኖራሉ ብዬ አምናለሁ።

አርብ ገበያ ያኔ ኢንተርኔት አልነበረም። ርብቃ የጎደለውን ስም በደብተር ጽፋ ቅዳሜ ማለዳ በነፋስ መውጫ አድርጋ ደብረ ታቦር ሄደች። እዚያ አለበል የሚባል ሰው ኢንተርኔት ቤት ነበረው፤ ፊት ለፊት ስድስት ኮምፒዩተር፣ ጓዳው ውስጥ ደግሞ ኳስ የሚታይበት ቴሌቪዥን። ፋይሉን አውርዳ፣ በፍላሽ ይዛ፣ እሑድ ተመለሰች። ሰኞ ስትጭነው ማሽኑ ይህን ለመጫን ሌሎች ሁለት ያስፈልጋሉ አላት። የሁለቱን ስም ጻፈች። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ሄደች፣ ሁለቱን ይዛ መጣች።

ከሁለቱ አንዱ ማሽኑ ላይ ካለው የበለጠ አዲስ ሥሪት ነበር። ማሽኑ አይገጥመኝም አለ። ርብቃ ቀጠሮው እየቀረበባት ነው፣ ሁለት ቅዳሜ በመኪና አቧራ በልታለች፣ ትዕግሥቷ አልቋል። በግድ ጫን የሚል ትእዛዝ አለ፤ እሱን ሰጠችው። ማሽኑም ታዞ ጫነ። በማግሥቱ ሲከፈት ግን ወፉም የለ፣ መስኮቱም የለ፤ ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ፊደል ብቻ። አሮጌውን ላይብረሪ ይዋሱ የነበሩት ፕሮግራሞች ሁሉ አዲሱን አናውቀውም ብለው ቆመዋል። የስድስት መቶ ተማሪ ውጤትም እዚያው ውስጥ ነው።

አቶ ይርዳው ያን ቀን ደብዳቤ አልጻፉም፤ ከዚህ በላይ የቁጣቸውን ልክ የሚናገር ነገር የለኝም። ርብቃ ፋይሎቹ አልጠፉም ብትላቸውም የማይከፈት ፋይል ካልጠፋ በምን ይለያል አሏት። እውነታቸውን ነበር።

ዓርብ ለገበያ የኔታ በበቅሎ መጡ። ልጃቸው ምሳ አላቀረበችላቸውም፤ ከዚያ ጥቁር ገጽ ፊት ቁጭ ብላ አገኟት። እኔም እዚያው ነበርኩ። ምን እንደሆነች ጠየቋት፤ አንድ ስታመጣ ሁለት እየጎደለ፣ ሁለት ስታመጣ ቤቱ እየፈረሰ እንዳስቸገራት ነገረቻቸው።

«ጾመ ድጓ ሳይዘልቅ ድጓ ልማር የሚል ተማሪ አንዳንዴ ይመጣብኛል» አሉ የኔታ። «ይህን ታውቃለህ ወይ፣ ያንን ታውቃለህ ወይ እያልሁ አንድ አንዱን ብጠይቀው ዓመት ይፈጃል። ቁጭ በል፣ የማታውቀውን ሁሉ አሁን ንገረኝ እለዋለሁ። አንቺስ ለዚህ ዕቃ እንዲህ ብለሽዋል?»

«የጎደለውን ሁሉ እሱም አያውቀውም፣ የኔታ። ኢንተርኔት ላይ ካለው ከዋናው የፕሮግራም ማኅደር ጋር ካልተገናኘ መቁጠር አይችልም።»

«እንግዲያ ወደ ማኅደሩ ውሰጅዋ። ስሙን ብቻ ተሸክመሽ ምን ያመላልስሻል?»

ርብቃ ተነሥታ የማሽኑን ገመዶች ትነቅል ጀመር። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰው የነገራትን ስትቀበል ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዕቃ ከግቢ የሚወጣው በደብዳቤ ነው፤ እዚህ ላይ አቶ ይርዳው ወደ ራሳቸው ተመለሱ። «አንድ ኮምፒዩተር ለሕክምና ወደ ደብረ ታቦር ስለመላክ» ብለው ጽፈው ማኅተም መቱ። ቅዳሜ ማለዳ ርብቃ የማሽኑን ሣጥን በጋቢ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ መኪናው ላይ ተቀመጠች። ከአጠገቧ ያሉ እናት ጥቅሉን ሲያዩ ቆይተው፣ ፊቱን ግለጪለት እንጂ ይታፈናል አሏት። ርብቃ አይታፈንም፣ እሱ የሚተነፍሰው በጀርባው ነው አለቻቸው። ሴትዮዋ እስከ ነፋስ መውጫ አማተቡ።

የኔታ አብረዋት አልሄዱም። ከቀዶ ጥገናው በፊት የመጨረሻውን እሑድ ማኅሌት ቆሜ እሄዳለሁ ብለው ሰኞ ደብረ ታቦር ሊያገኟት ተቃጠሩ።

ደብረ ታቦር ግን መብራት አልነበረም። ቅዳሜ ጠፋ፣ እሑድም አልመጣም። ርብቃ ዘመድ ቤት አድራ ሰኞ ጧት አለበል ዘንድ ስትደርስ መብራቱ መጥቷል፤ ሱቁም ሞልቷል። አለበል መስመሩ ቀጭን ስለሆነ ለሁሉም አይበቃም አላት። እሷም የመጣችበትን ነገረችው። ጥቂት አሰበና ደንበኞቹን ለዛሬ ይበቃችኋል አላቸው። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ስድስቱም ወንበራቸውን አዙረው እሷን ያዩ ጀመር።

ገመዱን ሰካች። መጀመሪያ የማኅደሩን ዝርዝር አወረደች፤ ቀጥላ የተሰበረውን ጠግን፣ የጎደለውንም ሁሉ አምጣ ብላ አዘዘችው። ማሽኑ ጥቂት አሰላሰለና በግድ የጫነችበትን ሊያወጣ፣ አሮጌውን ሊመልስ፣ የጎደሉትንም ሊጭን እንደሆነ ጻፈ። የጎደሉት አሥራ አራት ናቸው። በዚህ አካሄድ አንድ ሁለት እያለች ብትመላለስ ኖሮ ስንት ቅዳሜ እንደሚፈጅባት አለበል ሊያሰላ ጀምሮ ተወው። ርብቃ እሺ የሚለውን ተጫነች። አራት ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ማሽኑን አጥፍታ ስታበራው ወፉ ብቅ አለ፤ ይህን አለበል በኋላ ነግሮኛል።

የኔታ ስምንት ሰዓት ገደማ ደረሱ። በማግሥቱ ወደ ጎንደር ነው፤ ሌላ ቀን የለም። ስለዚህ የተቀዳው እዚያው፣ ጓዳው ውስጥ፣ ኳስ የሚታይበት ክፍል ነው። የአንድ ተጫዋች ትልቅ ፎቶ ግድግዳው ላይ ነበር፤ የኔታ ይህ ባለ ቁምጣ ማነው ብለው ጠየቁና መልሱን ሳይጠብቁ መቋሚያቸውን አስተካከሉ። ተቀምጠው አይዘምሩም። የማይክሮፎኑ ገመድ ደግሞ አጭር ነው። አለበል ሦስት የለስላሳ ሣጥን ደራርቦ ማይክሮፎኑን ላዩ ላይ አቆመላቸው።

ከጾመ ድጓ ጀመሩ፤ በዚህ ዓመት ቆመው የማይሉትን። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቆሙ። በየመሐሉ ትንፋሽ ያጥራቸውና ያርፋሉ። አንዴ ሲያስላቸው ቆም ብለው፣ «ሳሉንም ጻፈው?» አሉ።

«ጽፎታል።»

«አጥፊው።»

«አጠፋዋለሁ፣ የኔታ። አሁን ይቀጥሉ።»

ስድስቱ ወጣቶች ፊት ለፊት እንደተቀመጡ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ቆብ ያደርግ ነበር፤ አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

ቀዶ ጥገናው በደኅና አለፈ። ድምፃቸው ተመለሰ፣ ግን ሻከረ፤ ከፍ ያለው አልወጣ አለ። ዐቢይ ጾምን ከዳር ቆመው አሳለፉ። ከፋሲካ በኋላ ርብቃ የተቀዳውን ይዛ ቤተ ልሔም ሄደችና አሰማቻቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ተማሪዎቹ የኔታ ያለቅሳሉ ብለው ሲጠብቁ እሳቸው፣ «ሁለተኛው ላይ ቸኩያለሁ» አሉ።

ውጤቱም ተገኝቶ ተማሪው ካርዱን ወሰደ። አቶ ይርዳው ኮምፒዩተሩ ከሕክምና በሰላም ስለመመለሱ ጻፉ። ርብቃ አሥራ አራቱን ላይብረሪዎች ከነፕሮግራሙ ሲዲ ላይ አድርጋ፣ መጀመሪያ የቱ እንደሚጫን በእጇ ጽፋ ለወገዳና ለእስቴ መምህራን ላከች። ከወገዳ አንዱ ደውሎ እግዜር ይስጥልኝ ብሏታል፤ ከእስቴ ግን እስካሁን ድምፅ የለም።

ሥራው ግን አላለቀም። የሁለት ሰዓት ተኩሉን ቅጂ ለተማሪ እንዲመች መቆራረጥ ነበረባት። ዜማው የት እንደሚያልቅ ስለማታውቅ አንዱን መሐል ላይ ቆረጠችው። የኔታ ሲሰሙት ስልኩን ባዩበት ዐይን አይዋት። ከዚያም መጽሐፉን ዘርግተው ከፊደሉ በላይ ያሉትን ጥቃቅን ምልክቶች አንድ በአንድ አሳዩዋት፤ ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ። በቤታቸው ሴት ልጅ ድጓ ስትማር ያ የመጀመሪያው ነው። እሳቸው መማር አላሉትም፤ መቁረጫውን እንድታውቅ ነው አሉ።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆናቸው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ትሄዳለች፣ ቅጂው ተቆርጦ ካለቀ ግን ቆይቷል። ርክርኩ ላይ አሁንም ትሳሳታለች፤ የኔታም በዚያ በሻከረው ድምፃቸው ከላይ ያስጀምሯታል።