ከቀርከሃው ማዶ የሰማሁት

ይህን ነገር ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ያ ሰው ደግሞ ከመናገሬ በፊት ያውቀው ነበር፤ ስለዚህ አልተናገርኩም ብል ውሸት አይሆንብኝም። አሁን ለአንተ፣ ለማላውቅህ አንባቢ እናገራለሁ። እያዘንክልኝ እንዳታነበው። የሚያዝንልኝ ሰው አጥቼ አይደለም የመጣሁት።

አሶሳ ውስጥ አዳኝ ሆኖ መጫወት የሚፈልግ ጀማሪ ወደ እኔ ይመጣል። ጨዋታውን ለማታውቀው ላስረዳህ። አምስት ሰው ይጫወተዋል። አራቱ ጨለማ ጫካ ውስጥ የጠፉ ሰዎች ናቸው፤ የተበላሹ ጄኔሬተሮችን ጠግነው፣ በሩን ከፍተው ማምለጥ አለባቸው። አምስተኛው አዳኙ ነው፤ ሥራው አራቱንም መያዝ ነው።

የጀማሪ ሁሉ ስሕተት አንድ ነው፤ ያየውን ይከተላል። ባትሪ ዓይኑ ላይ እያበራ የሚያሾፍበትን ልጅ ሲያባርር ሌሎቹ ሦስቱ ተረጋግተው ይጠግናሉ። ተወው እለዋለሁ። የሚያሾፍብህ ጊዜህን ሊበላ ነው። ሁሉንም ጄኔሬተር ልጠብቅ አትበል፤ የተቀራረቡትን ምረጥና ሌላውን ልቀቅላቸው። አንዱን ካቆሰልክ አናቱ ላይ አትገተር። ዞር በል፣ ግን አትራቅ፤ ጓደኛው ሊያነሳው መምጣቱ አይቀርም። ደግሞ ጆሮህን ተጠቀም፤ የቆሰለ ሰው ያቃስታል፣ የሚሮጥ ሰው ቅጠል ይረግጣል።

ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ዛሬም አስተምረዋለሁ፣ ነገም አስተምረዋለሁ። «ልጆቹን በደም ጨዋታ አበላሸሃቸው» የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ። አዳኝነቴን አልናዘዝም። በሕጉ የያዝኩት ሁሉ ሐላሌ ነው። ጀማሪዎቹ «አንተ እንዴት እንዲህ ጎበዝ ሆንክ?» ሲሉኝ ግን «በጆሮዬ» እላቸውና እዚያ ላይ አቆማለሁ። የምናዘዘው ያቆምኩበትን ነው።

ሌላ አገር ይህን ጨዋታ ሰው በየቤቱ ሆኖ ነው የሚጫወተው፤ አዳኙ የሌሎቹን ወሬ አይሰማም። እኛ ጌም ቤት ግን ኢንተርኔቱ ስለማያስተማምን አምስቱም ኮምፒውተሮች አንድ ክፍል ውስጥ በገመድ የተያያዙ ናቸው። አዳኙ የሌሎቹን ስክሪን እንዳያይ በቀርከሃ ግድግዳ ተከልሎ ይቀመጣል። ቀርከሃ ዓይንን እንጂ ጆሮን አይከለክልም። ማዳመጫውን በሁለቱም ጆሮህ ካደረግክ ከወዲያ የሚያወሩት እንደ ጉምጉምታ ይሆንብሃል እንጂ ቃሉ አይለይህም። አዳኙ ግን ማድረጉን ማን ያያል? ስለዚህ ልጆቹ መላ ዘየዱ። አዳኝ የምንሆነው አብዛኛውን ጊዜ የሰፋሪና የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች ነበርን፤ ከወዲያ ያሉት አራቱ ደግሞ የአገሩ ተወላጆች፣ በርታዎች ናቸው። በበርታኛ መነጋገር ጀመሩ። የቡድናቸው አለቃ ነስረዲን ይህን ያመጣ ቀን በቀርከሃው ጫፍ ብቅ ብሎ «ከዛሬ ጀምሮ ለአንተ ሬዲዮ ተዘጋ!» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ሬዲዮው አልተዘጋብኝም ነበር። በርታኛ ከእነሱ እኩል እሰማለሁ። ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። እናቴ ገበያ ስትውል የምትተወኝ ጎረቤት፣ ኻሚስ የሚባል የእኩያዬ እናት ጋ ነበር። የማሽላ ገንፎ በባሚያ አብረን እየበላን፣ አብረን ቁጣ እየቀመስን አደግን፤ በዚያ ቤት አማርኛ የሚባል ነገር አይነገርም። ትምህርት ቤት ስገባ የእኛ ሰፈር ልጆች ስላሾፉብኝ ቋንቋውን ዋጥኩት። የማወራው ከኻሚስ ጋር፣ ለዚያውም ብቻችንን ስንሆን ነበር። ከእሱ ሌላ መስማቴን የሚያውቅ እኩያ አልነበረኝም።

ኻሚስ ከነስረዲን ቡድን አንዱ ነበር። የዚያን ቀን ሌሎቹ ወንበር ሲያስተካክሉ ወደ እኔ ጀርባ መጥቶ በበርታኛ፣ ቀስ ብሎ «ጆሮህን ዝጋ» አለኝ። ማዳመጫውን በሁለቱም ጆሮዬ ላይ ጫንኩና «ይኸው ዘጋሁ» አልኩት። ትከሻዬን መታ አድርጎ ሄደ። ለቡድኑ «ይሄ ልጅ ይሰማችኋል» ማለት ይችል ነበር። አላለም፤ አመነኝ። ከዚያ በኋላ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ሁልጊዜ ብቅ ይላል፣ ሰላም ይለኛል፣ ተመልሶ ይሄዳል።

ቃሌን ጠበቅኩ። እስከ መቼ? ሽንፈት እስኪመረኝ ድረስ። በተከታታይ አመለጡኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የማንጎ ወቅት ነበር፣ ቤቱ እየበላ በሚያይ ሰው ሞልቶ ሳለ ከኋላ አንዱ «አዳኙ ጡረታ ይውጣ» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እጄን አነሳሁና የማዳመጫውን የግራ ጎን ወደ ኋላ ገፋሁት።

እኔ ነኝ የገፋሁት። ተሰድቤ ነበር ልበል? ልጅ ነበርኩ ልበል? ጺም ነበረኝ። ንዴት ነው ልበል? ማን እንደሚያየኝ ዞር ብዬ አይቼ ነው የገፋሁት። ነስረዲን በበርታኛ «ጉድጓዱ ጋ ነኝ» ሲል ሰማሁ፤ ሄጄ ጉድጓዱ ጋ ያዝኩት። ሌላው «መጋዘኑ ውስጥ ነኝ» አለ፤ መጋዘኑ ውስጥ ያዝኩት። እውነቱን ንገረን ካልከኝ፣ ጣፈጠኝ። ሰው ከኋላዬ ሲያጨበጭብልኝ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። በማግስቱም ገፋሁት። ከዚያ በኋላማ ጨዋታው ሲጀመር እጄ ራሱ ያውቀው ጀመር።

ኻሚስ የቆሰለ ጓደኛውን ትቶ አያመልጥም። በሩ ተከፍቶለት እንኳ ይመለሳል። ሌሎቹ «ተወኝ፣ ውጣ» ሲሉት በበርታኛ «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላል። እኔም የሚመጣበትን መንገድ እየሰማሁ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

ነስረዲን ሞኝ አይደለም። የሚደበቁበትን ሁሉ ማወቄ በዕድል እንዳልሆነ ገባው። ሰፋሪው በርታኛ ይሰማል ብሎ ግን አልጠረጠረም፤ ያን ማሰብ ለማንኛቸውም አልመጣላቸውም። ታዲያ ማን ነው የሚነግረው? ጨዋታ ሊጀመር ሲል ወደ ቀርከሃው ጀርባ የሚሄደው ማን ነው? ከአዳኙ ጋር ያደገው ማን ነው?

ኻሚስን በሰው መሀል አቆሙት። ነስረዲን ሁሉም እንዲሰማው በአማርኛ «ወሬ አቀባይ!» አለው። ይህ ቃል እኛ ጋ ለጨዋታ የሚባል ቃል አይደለም። ያ ጊዜ ሰው ጎረቤቱን በጎን የሚያይበት፣ ማን ለማን ምን ነገረ የሚባልበት ጊዜ ነበር፤ አንዴ የተለጠፈበት ሰው ገበያም መስጊድም ይዞት ይሄዳል። ኻሚስ አልጮኸም። «ወላሂ አልተናገርኩም» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

እኔ ምን አደረግኩ? የማዳመጫውን ገመድ እፈታ ነበር። ተወሳስቦ አልነበረም። አንድ ቃል በበርታኛ ብተነፍስ ኖሮ እዚያው ነጻ ይወጣ ነበር። አልተነፈስኩም። ለሻምፒዮንነቴ ፈራሁ፤ ከኻሚስ ስም ይልቅ ለዝናዬ ሳሳሁ። ሰዎች «ጨዋታ እኮ ነው» ይላሉ። ይህን የሚለኝን ሰው አልታገሰውም። ጨዋታው ያለቀው ኻሚስ ዞሮ ሲያየኝ ነው።

ቡድኑ አባረረው። የሰፈር ልጆች ሲመጣ ወሬ ያቋርጡ ጀመር። ቆይቶም ከአሶሳ ወጥቶ ሆሞሻ፣ አጎቱ ሱቅ ጋ ሄደና እዚያው ቀረ። እኔ ማሸነፌን ቀጠልኩ።

ዘንድሮ ሆሞሻ ሄድኩ። ኻሚስ ሱቁ በር ላይ ለአንዲት ሴት ሳሙና እየሰጠ አገኘሁት። እስክትሄድ ጠበቅኩና ሁሉንም በበርታኛ ነገርኩት። ማዳመጫውን መግፋቴን፣ መጣፈጡን፣ ገመዱ አለመወሳሰቡን። ሲመልስልኝ በአማርኛ መለሰልኝ። ዕድሜያችንን ሙሉ ብቻችንን ሆነን በአማርኛ አውርቶኝ አያውቅም ነበር።

«አውቃለሁ» አለኝ። «እናቴ ናት ያስተማረችህ። እኔ እንዴት አላውቅም?»

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ጠበቅኩህ» አለ። «አንተ ራስህ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩህ። የዚያን ቀን ጠበቅኩ። ሳምንትም ጠበቅኩ። በኋላ ተውኩ።»

ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። የሱቁን መደርደሪያ እያስተካከለ «እኔ ጋ ምን ትሠራለህ? ስሜ የጠፋው አሶሳ ነው» አለኝ። እንድገባም፣ እንድቀመጥም አላለኝም። ልክ ነበር።

ስለዚህ ነስረዲን፣ ይህ ለአንተ ነው። ለዚያ ቡድን ልጆች ሁሉ፣ ያን ቀን እዚያ ቆማችሁ ለነበራችሁም ሁሉ ነው። ኻሚስ አንዲት ቃል አላቀበለኝም። እኔ ነኝ የሰማሁት። ከተናደዳችሁ ቤቴን ታውቁታላችሁ፤ ኑ፣ በር አልዘጋም፣ ምክንያትም አልደረድርላችሁም። ይቅርታም አልለምናችሁም፤ የእናንተ ይቅርታ ለእኔ አይገባም። መኪና ተሳፍራችሁ ሆሞሻ ሂዱና ኻሚስን እናንተ ይቅርታ ጠይቁት።