ለታንኳ የወረደ ሙሾ

ባሕር ዳር ያለው የቅመም ሱቄ ፊቱን ለመንገዱ፣ ጀርባውን ለሐይቁ የሰጠ ነው። ሰሞኑን ከጀርባው ጎረምሶች አንድ አሮጌ የፋይበር ጀልባ ከውኃ አውጥተው፣ ባፉ ደፍተው፣ ሆዱን በማሽን ይፍቃሉ፤ የተሰነጠቀውን በሙጫና በጨርቅ ይለጥፋሉ። ሽታው ኮረሪማውን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ ነጭ ሽንኩርቱን ሁሉ አሸንፎ ሱቄን ሞላው። ደንበኛ አፍንጫውን ይዞ ይመለሳል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወጥቼ የሚገባቸውን እነግራቸው ነበር፤ አንደበቴን ሰፈሩ ያውቀዋል። አሁን ግን በርጩማዬን ወደ ጓሮው በር አዙሬ፣ ገበያው ሲያልፈኝ እያየሁ አሸታለሁ። የከረመ ሎሚ ላይ ላምባ የተደፋበት የሚመስል፣ ጣፍጦ አናት የሚወጋ ሽታ ነው። ሌላውን ሰው ራሱን ያመዋል፤ እኔን ግን ስማዳ ያደርሰኛል፣ በጃንሆይ ዘመን፣ እናቴ ለዚሁ ሽታ «የሰይጣን ብብት» የሚል ስም ወዳወጣችለት ክረምት።

ቤታችን ደጋው አልቆ መሬቱ ወደ ዓባይ ከሚናድበት አፋፍ አጠገብ ነበር። ማዶ ጎጃም ነው። በጠራ ቀን የማዶው ሰው ጎጆ ጢስ ሲወጣ ይታያል፤ እዚያ ለመድረስ ግን ቁልቁለቱ ብቻውን ቀን ይፈጃል። አባቴ ነጋዴ ነበር፤ ዐርብ ገበያ ጨው ሸጦ፣ በበጋ ዓባይን በእግሩ ተሻግሮ የጎጃም ማር ይዞ ይመለሳል። ነጋዴ ልጁን ሲድር እንኳ መንገድ ያያልና፣ ታላቅ እኅቴን የሺን ማዶ ዳራት። ማዶ አማች ያለው ሰው ማደሪያ አይቸግረውም፣ አጋሰሶቹም ገለባ አያጡም። ሁሉን አስቦ ነበር፤ ሴት ልጅ ወራት ጠይቃ እንደማታረግዝ ብቻ አላሰበም።

ባገራችን የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። የሺም በግንቦት ልትመጣ ነበር፤ አማቷ «ዘሩ ይግባና ትሄዳለች» አሉ፣ ዘሩ ሲገባ ዓባይ ሞላ። ወሬውን ያመጣልን የተነፋ አቁማዳ አቅፎ የሚዋኝ አንድ የቆላ ሰው ነው፤ «ለመስቀል ወሯ ይደርሳል፣ ሆዷ ከእሷ ቀድሞ ነው የሚሄደው» አለን። በአቁማዳ ወሬ ይሻገራል፤ ነፍሰ ጡር አትሻገርም።

እናቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ታላቅ እኅቷ ባማት ቤት ስትወልድ ሞታባታለች፤ አሟሟቷንም ብዙ ጊዜ ነግራናለች። ምጡ ሲፋፋም አማቷን አፍራ አልጮኸችም፣ ነጠላዋን ነክሳ ዋለች፣ ዝም ስትላቸው ደኅና ናት ብለው ተዋት። «ሰው የሚወልደው የሚጮኽበት ቤት ነው» ትል ነበር እናቴ። የሺ ደግሞ እሾኽ ሲወጋት እንኳ ፊቷን አዙራ የምታለቅስ ልጅ ናት። እናቴ ማታውን አባቴ ፊት ቆመችና «ማዶ የሰጧት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎው ያምጡልኝ» አለችው። እናቴ አባቴን አንቱ የምትለው ስትቆጣ ብቻ ነበር።

በዚያን ጊዜ ባገሩ አንድ ጀልባ ነበረ፣ እሱም የበሬ ገንዳ ሆኖ ነበር። ከዓመታት በፊት ፈረንጆች ዓባይን በጀልባ እንወርዳለን ብለው መጥተው፣ ዓባይ ያንዱን ጎን በቋጥኝ ቀዶባቸው ጥለውት ሄደዋል። የቆላ ሰዎች ተሸክመው ለጭቃ ሹሙ አመጡላቸው፤ ጭቃ ሹሙም ዙሪያውን መርምረው፣ ቀዳዳውን በእበት ደፍነው፣ በሬዎቻቸውን ጨው ያስልሱበት ጀመር። አባቴ ደኅና አድርጎ የተጠረበ የድንጋይ ገንዳ ሰጥቶ ለወጠና፣ አጥር አፍርሶ ግቢያችን አስገባው።

ጠጋኙ ባሻ አለልኝ ነው። ባሻ ከወታደርነት በኋላ ጣና ላይ ጀልባ ሲጠግኑ አብሮ ውሏል፤ እውቀቱ ከሦስት እጅ ሁለቱ ነው፣ ሦስተኛውን እጅ በልበ ሙሉነት ይሞላዋል። ባሕር ዳር ወርዶ አንድ ጣሳ ሙጫና አንድ ትንሽ ጠርሙስ ማጠንከሪያ ይዞ ተመለሰ፤ በሙጫ የሚለጠፈው ጨርቅ ግን አልቋል ብለውታል።

«ጨርቅ ጠፍቶ ነው?» አለች እናቴ፣ «ጋቢ ልስጥህ።»

«ይኼ ከመስተዋት የተፈተለ ነው፣ እመይቴ።»

እናቴ ያገር ፈታይ ናት። ትንሽ አሰበችና «እንዝርቱን ባየሁት» አለች።

ያኔ ነው ፈረንጆቹ ጀልባው ውስጥ ትተውት የነበረው ነጭ ጥቅል ጨርቅ ትዝ ያለን። ጨርቁን መሪጌታ ወስደውታል። መሪጌታ ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው የተመለሱ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ያን የመሰለ ነጭ ለጥምጣም እንጂ ለሌላ አይሆንም ብለው ጠመጠሙት። ከዚያ ወዲህ በማሕሌት መኻል መቋሚያቸውን ይጥሉና አንገታቸውን ያካሉ። ጠበል ገቡ፣ አልተዋቸውም። መንደሩ ቡዳ ነው አለ፤ ቡዳው ማን እንደሆነም ስም ተጠርቶ ሁለት ቤት ተኳርፏል። አባቴ ሄዶ «መሪጌታ፣ ጥምጣምዎን ለታንኳ እፈልገዋለሁ» ሲላቸው፣ ፈትተው እጁ ላይ እያስቀመጡ «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፣ ታንኳውንስ ያሳክከዋል?» አሉት።

ሥራው የእኔም ነበር። ገንዳውን በእንዶድ አጠብን፤ የስንት በሬ ምላስ ያለሰለሰው ስለሆነ ሙጫው እንዲይዝ መሻከር አለበት አለ ባሻ። ይዞት የመጣው ብርጭቆ ወረቀት ባንድ ቀን አለቀ፤ ከዚያ በኋላ እናቴ ተረከዟን የምትፈገፍግበትን ድንጋይ አንስቼ የቀዳዳውን ዙሪያ እንደ ሽማግሌ ተረከዝ ፈገፈግሁት። ብናኙ ከክንዴ እስካንገቴ ነደደኝ፣ ባሻም ጀርባውን ከምሰሶ ጋር ያሽ ጀመር። ስናክክ ያየን ሁሉ የመሪጌታም እከክ ከዚሁ ጨርቅ እንጂ ከቡዳ እንዳልሆነ ገባው፤ የተኳረፉት ቤቶች የታረቁት የዚያን ሰሞን ነው።

ባሻ ጨርቁን ቆርጦ፣ ሙጫ እያጠጣ፣ አንዱን ባንዱ ላይ ደራርቦ ለጠፈው፤ «ጠዋት ድንጋይ ይሆናል» አለ። ጠዋት ማር ሆኖ አገኘነው። በማግስቱም ማር ነው። ጊዜው ፍልሰታ ነው፣ ጉሙ በር ከፍቶ የሚገባበት፣ ልብስ ታጥቦ ሳምንት የማይደርቅበት። ባሻ በየጠዋቱ በጣቱ ይነካዋል፣ ጣቱን ያሸታል፣ «ዛሬ ይሻላል» ይላል። እናቴ ባሻን አታይም፤ የምታየው ጨረቃዋን ነው፣ የልጇን ወር የምትቆጥርባትን።

በመጨረሻ ሽታው አስመረራት። «ልጄ ይህን እያሸተተች ዓባይን አታቋርጥም» ብላ፣ የጠላ ጋን እንደምታጥነው ልታጥነው ተነሣች። ጉድጓድ አስቆፍራ፣ የወይራ ስንጥር አምቃ እያጤሰች፣ ጀልባውን ባፉ አስደፋችበት። ባሻ «እሳት ይበላዋል፣ ኧረ ተይ» እያለ ዙሪያውን ይዞራል፤ እሷ ጋን አቃጥላ አታውቅምና አልሰማችውም። ጀልባው ሲሞቅ አደረ። ጠዋት ባሻ በጣቱ ነካው፣ በጥፍሩ ቧጠጠው፣ በመጨረሻ በቡጢ መታው፤ እንደ ደረቀ ቅል ጮኸ። ዞር ብሎ እኛን አየና «ይህን ልል ነበር» አለ።

መስከረም እንደጠባ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ መስኮት የተረፈውን አረንጓዴ ቀለም ቀቡትና ለጉዞ ተነሣን። አባቴ፣ ባሻና ሁለት ያጎቴ ልጆች ናቸው ተሸካሚዎቹ፤ እኔን እናቴ «ወንድ ስለ ነፍሰ ጡር ምን ያውቃል» ብላ በሶና ለጋ ቅቤ አሸክማ ላከችኝ። ጀልባውን ደፍተው በሁለት ወፍራም እንጨት ላይ አሰሩት፤ ባሻ አዲሱ ቀለም ፀሐይ አይመታው ስላለ የእናቴን ነጭ ቡልኮ አለበሱት።

ቁልቁለቱ ላይ አራቱ ሰዎች ገና ከጠዋቱ ዛሉ። በየመታጠፊያው ያስቀምጡታል። አባቴ አንዴ ወደ ታች ወደ ወንዙ፣ አንዴ ወደ ፀሐይዋ ያያል፤ እንደማይደርሱ ገብቶት ነበር።

ከገበያ ወደ ቆላ የሚመለሱ ሰዎች ከነአህዮቻቸው ከኋላ የደረሱብን ይህኔ ነው። ቡልኮ የለበሰውን፣ በእንጨት የተያዘውን አዩ። አንድ ሽማግሌ ከፊት ነበሩ፤ ቆሙ፣ ነጠላቸውን አደገደጉ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። «ነፍስ ይማር። ወዴት ነው ልጆቼ?»

«ወደ ዓባይ» አለ አባቴ።

«ጎጃሜ ኖሯል። ያገሩ አፈር ይቅመስ ብላችሁ ነዋ።»

አባቴ ሲዋሽ አይቼው አላውቅም፤ ሰው ራሱን ሲያሳስት ግን አያቋርጠውም ነበር። «ከሩቅ የመጣ ነው» አለና ላቡን ጠረገ።

ሌላ የጠየቀ የለም። ጭነታቸውን ላህያ፣ አህያውን ለልጆች ሰጥተው ትከሻቸውን አስገቡ። የደከመው ሳይናገር ሌላው ይተካዋል፤ አራት ሰው ያቃተው ነገር እንደ ደመና ቁልቁል ይነጉድ ጀመር። «ምን ያለ ረጅም ሰው ነበር» ይላል አንዱ። «ቢረዝምም ቀላል ነው፣ በሽታ ጨርሶታል» ይላል ሌላው። ባሻ ሳቁን ለመዋጥ ቢያስል፣ አንዷ ሴት ወንድሙ መስሏት «አይዞህ» ብላ ትከሻውን ያዘችው፤ ከዚያም ድምጿን አነሣች፦

አገርህ ማዶ ነው፣ ወንዙ ሞልቶብህ፣
በምን ትሻገራለህ ታንኳ ሳይኖርህ።

ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔም፣ ቡልኮው ሥር ያለውን በድንጋይ የፈገፈግሁት እኔው፣ አለቀስሁ።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ በክብር አስቀመጡትና አባቴ ቡልኮውን ገፈፈ። አረንጓዴው ሆድ ፀሐይ ላይ አብለጨለጨ። ሙሾ ያወረደችው ሴት ቀረብ ብላ በጣቷ ነካችውና «ዕንባዬን መልስልኝ» አለችው አባቴን። ሽማግሌው በትራቸውን አነሡ። አባቴ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሁሉን ነገራቸው፤ የሺን፣ የእናቴን እኅት፣ ባማት ቤት የማይጮኸውን ጩኸት።

ሽማግሌው በትራቸውን ቀስ ብለው አወረዱት። «እንግዲያ ምነው አልተናገርህም? ለሟች የተሸከምን፣ ለምትወልድ አንሸከምም ብለህ ነው?»

አባቴ ጎንበስ ብሎ እንጨቶቹን ከጀልባው ይፈታ ጀመር።

«በል» አሉት ሽማግሌው፣ «ገመድህ የታል?»

ያ ወሬ ያመጣልን ባለአቁማዳ የምንመጣበትን ቀን ለማዶዎቹ አስቀድሞ ነግሮ ወንዙ ዳር ይጠብቀን ነበርና፣ የጠፍር ገመድ ይዞ ዋኘ፤ አልቃሾቹ በዚህ በኩል፣ የየሺ ባል ወገኖች በዚያ በኩል ያዙት። አባቴና ባሻ ማዶ ደረሱ። ሲመለሱ የሺ መኻላቸው ተቀምጣ ነበር፣ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ። ወንዙ መኻል ጀልባው ቋጥኝ ላይ ተሳበ፤ ሲፋቅ ከዚህ ሆነን ሰማነው። የተለጠፈው በኩል ነው። ባሻ በጉልበቱ ተንበርክኮ በመዳፉ ዳሰሰውና እጁን ወደኛ ከፍ አድርጎ አሳየን። ደረቅ ነው።

የሺ ስትወርድ ሽማግሌው «በሰላም ያገላግልሽ» አሏት። ሙሾ አውራጇ በዚያው በለቅሶ በሻከረ ጉሮሮዋ እልል አለች። በእነዚያው እንጨቶች ላይ ቡልኮውን ወጥረው የሺን አስተኟትና፣ ዳገቱን እየተፈራረቁ እስከ እኩሌታው አወጧት። ጀልባውን ዛፍ ላይ አስረነው መጣን፤ ሌሊቱን ዓባይ ጨመረና ከነዛፉ ወሰደው። አባቴ እንደ ጥፋተኛ ቆሞ ሲነግራት፣ እናቴ የሺን ቅቤ እየቀባች ነበር። ቀና አላለችም። «ይሂድ» አለችው፣ «ያመጣውን አምጥቷል።»

የሺ በመስቀል ማግስት ወለደች፣ ሴት። ያቺ እሾኽ ሲወጋት ፊቷን የምታዞር ልጅ አገር እስኪሰማ ጮኸች፤ እናቴም ውኃ ልትቀዳ በወጣች ቁጥር ጎረቤቱን «ተሰማችሁ?» ትላለች፣ እንደ ዘፈን።

አሁን እናቴም አባቴም የሉም። የሺ አምና እዚሁ ባሕር ዳር፣ ልጇ ቤት አረፈች። ሬሳ የሚጭን መኪና መጣ፤ እኛ ከኋላው በባጃጅ ተከተልን። መንገድ ሲዘጋ አንዱ ጥሩንባ ነፋብን። ማን ነው ብሎ የጠየቀ፣ ባርኔጣ ያወለቀ አላየሁም። ክፉ ሆነው አይደለም፤ መኪናው ትከሻ የሚገባበት ቦታ የለውም።

ይህን እያሰብሁ ሳለ ጎረምሶቹ ፍቀውና ቀብተው ጨረሱ፣ ጀልባውን ወደ ውኃው ሊወስዱት ነው። ሦስት ናቸው፤ አንሥተው ያስቀምጡታል። አላፊ አግዳሚው በስልኩ ፎቶ ያነሣቸዋል። ሱቄን ዘጋሁና ሄጄ ትከሻዬን አስገባሁ።

«ይተዉት እማማ፣ ይከብድዎታል» አለኝ አንዱ።

አነሣሁ። እውነቱን ነው፣ ከበደኝ። ያን ቀን ቀላል የመሰለው፣ ሰው በዝቶበት ኖሯል።