ደንበኛ የተባሉት እናት

ልብስ ሰፊዋ ድፍረት የሚባል አልፈጠረባትም። «ፈሪ ለእናቱ» እያለች በራሷ ትቀልዳለች፤ ስትቀልድም በሩን እያየች ነው። ቀን እየሰፋችባት ማታ ከእናቷ ጋር የምታድርባት ክፍል ለሥራ ብቻ የተከራየቻት ናት፤ ከተደረሰባቸው ሁለቱም ሜዳ ላይ ናቸው። ስለዚህ ሳይነጋ ፍራሹ ተጠቅልሎ ከጠረጴዛው ስር ይገባል፤ አንሶላው እንደ ደንበኛ ልብስ ተተኩሶ ይሰቀላል።

አዲሱ የሕንፃ ኃላፊ ከእንግሊዝኛ ሌላ አይሰማም ሲባል ነፍሷ ልትወጣ ደረሰች። ጎረቤቷ ፎቶ ኮፒ አንሺው አስጠናት።

«ሊቭ ካልሽ ኑሮሽ እዚህ ነው፣ አለቀልሽ። ስቴይ ካልሽም ለጊዜው ነው ያረፍኩት ማለት ነው፤ ያው ማደርሽን አመንሽ። ሪዛይድም ያው መኖር ነው፣ የቢሮ ቃል ስለሆነ አትንኪው። ወርክ ብቻ በይ፣ እህቴ።»

ወርክ፣ ወርክ ስትል ከረመች።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ዝናብ ሲያካፋ ኃላፊው ሕንፃውን ሊዘጋ መጣና በሩን አንኳኳ። እናትየው ጥግ ተቀምጠዋል። እዚህ ትኖሪያለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት።

«ወርክ» አለች።

ወደ እናቷ ጠቆመ። ይሄን ማንም አላስጠናትም። «ከስተመር» አለች።

«ምን አልሽው?» አሉ እናትየው።

«ደንበኛዬ ነሽ አልኩት፣ እማዬ።»

እናትየው ሻርፓቸውን ተከናንበው ተነሱ። «በይ እንግዲህ፣ ቀሚሴን ነገ መጥቼ እወስዳለሁ» ብለው ወጡ። ደረጃውን ለብቻቸው ወርደውት አያውቁም፤ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ግራ ቀኙን ያያሉ።

ኃላፊው ክፉ ሰው አለመሆኑ ነው የባሰው። ዝናቡን አየና የመኪናውን ቁልፍ አወጣ፤ ላድርሳቸው ማለቱ ነው። የት እንደሚኖሩ ጠየቀ። «ሊቭ» የምትለዋን ቃል ለይታ ሰማቻት። የአንድ ሰፈር ስም ብትጠራ እናቷን እዚያ ጨለማ ውስጥ አውርዶ ሊመለስ ነው።

«ሂር» አለች። «ማይ ማዘር። ሊቭ ሂር።»

ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰ። ቀስ ብሎ «ቱሞሮ» አለና በጣቱ ወደ ውጭ አመልክቷቸው ሄደ።

«ምን አለ?»

«ነገ ልቀቁ አለን።»

«ሁለታችንንም?»

«ሁለታችንንም፣ እማዬ።»

«ተመስገን» አሉ እናትየው፣ ከኮሪደሩ ተመልሰው ወንበራቸው ላይ እየተቀመጡ።