የተለዋወጥናቸው መኪኖች

አንድ የአዲስ አበባ ሰው፣ የድሮ መኪና የሚሰበስብ፣ እየደወለ «ከሁለቱ የትኛዋ ትሻላለች?» ይለኛል። ሁለቱም የጀርመን፣ ባለ አራት በር፣ ለፍጥነት የተሠሩ ናቸው። መልሱን አውቃለሁ። መጀመሪያ መስማት የነበረበት ግን እሱ አልነበረም።

የምኖረው ቢቸና ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ጓደኛዬ ሞጣ ጨርቅ ይነግድ ነበር። የኔዋ መኪና ከባድና ለስላሳ ናት፤ ጉድጓድ ውስጥ ገብታም አታንገጫግጭም። የሱዋ መሪዋን ነካ ሲያደርጓት እጥፍ ትላለች፣ ግን ጠጠሩን ሁሉ ለወገብ ታወራለች። ስንት ዓመት ተከራከርን። እኔ የሱዋን «ፌንጣ» እላታለሁ፤ እሱ የኔዋን «አልጋ» ይላታል።

በመጨረሻ ደብረ ወርቅ ተገናኝተን ሽሮ በላን። እሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ሥጋ አብረን ስለማንበላ ሁሌም የምናዘው ሽሮ ነበር። ከዚያ ቁልፍ ተለዋወጥን፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ። የተሸነፈ አምኖ ሊናገር ተስማማን። እሱ አጭር ነው፣ እኔ ረጅም። ገና ሞተር ሳላስነሳ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋሁት፣ መስታወቶቹንም ለራሴ አስተካከልኩ።

በሳምንቱ ውጊያ ተነሣና መንገድ ተዘጋ። ወራቱ ዓመት ሆነ። ቤንዚን ባገኘሁ ቁጥር በሱ መኪና ከከተማው ዳር ደርሼ እመለስ ነበር፤ በሁለተኛው ወር ቁርጡን አወቅሁ። የሱዋ ትሻላለች። እንደዚያ መንዳት በዕድሜዬ አላውቅም። ስልክ አልፎ አልፎ ሲሠራ «እህ፣ ወሰንክ?» ይለኛል።

«ገና ነው» እላለሁ። እልኸኛ ነኝ። ፊት ለፊት እነግረዋለሁ እያልኩ አቆየሁት። ኋላ ስልኩም ጭራሽ ጠፋ።

መንገዱ ሲከፈት በማግስቱ ሞጣ ገባሁ። ደጃፉ ላይ ጡሩምባ ነፋሁ፤ ሚስቱ ወጣች።

«ካለፈ እኮ ሰባት ወሩ» አለች። «ሰው ልከን ነበር፤ አልደረሰዎትም?»

ሰባት ወር ሙሉ ለሞተ ሰው የምለውን ሳዘጋጅ ኖሬአለሁ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ቆይታ መኪናዬ የቆመችበት ወሰደችኝ። የሹፌሩ ወንበር ላይ ትራስ አለ።

«እግሩ ፔዳሉ ጋ አልደርስ እያለው ይቸገር ነበር» አለች። «ወንበሩን ሳበው ብዬ ብለምነው፣ 'የሰው አቀማመጥ አልነካም፤ ሲመጣ እንደተወው ያግኘው' አለኝ። ከዚያ ትራስ ከጀርባው እያደረገ ነዳት።»

የሱዋ እንደምትሻል ነገርኳት። ሳቅ አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ።

«እስቲ እሱ ሲቀመጥበት በነበረው ልቀመጥ» ብላ የባሏን መኪና በር ከፍታ ገባች። እግሯን ብትዘረጋ ፔዳሉ ጋ አልደረሰም።

«እንዲህ ርቆ ነበር እንዴ የሚቀመጠው?»

ወንበሩን ወደፊት ልስብላት እጄን ሰደድኩ። የት ላይ እንደማቆመው አላወቅሁም።